ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ እናኑ፤ ሸኖ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ብርድ በገባ ቁጥር የሚቆረጥምሽ ወገብሽ እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህልስ ትቀምሻለሽ ወይስ ጎረቤት ሲያይሽ ብቻ ነው የምትጎርሺው? ባለቤትሽ ወንዳፍራሽ ሳሉ ተሻለው? ልጃችሁ ኖላዊት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የአርባውን ድግስ ተሸክመው የሰነበቱት የዕድሩ ሴቶች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላውን ከታች እጽፍልሻለሁ። ፈጣሪ አንቺንም እኔንም ያጽናን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሉታል ትይኝ ይሆናል። ከመርዶው ወዲህ ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። መጀመሪያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ቀጥሎ አንቺ አለቀስሽ፣ እኔ ጮኽኩ፤ በሦስተኛው እኔ ስጮኽ አንቺ ስልኩን ዘጋሽው። በመዝጋትሽ አልተቀየምኩም፤ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ወረቀት ላይ ግን ሰው አይጮኽም፤ የጀመረውንም ሳይቋረጥ ይጨርሳል። ሆቴሉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ዘመድኩን ለፋሲካ አገር ቤት ስለሚገባ ይህን ደብዳቤና አንዲት ፍላሽ በእጅሽ ያስረክብሻል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ግማሹን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን ደብቄሻለሁ።

እማዬ የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈላት በኋላ ባለፈው ክረምት በስልክ ያለችኝን ታስታውሺያለሽ፤ አጠገቧ ነበርሽ። «የአባታችሁን ፊት ፎቶው ላይ አገኘዋለሁ፤ አካሄዱ ግን ጠፋኝ። ሲራመድ እንዴት ነበር? ባስበው ባስበው አልመጣልህ አለኝ» አለች። አባዬ ካረፈ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔም ሞክሬ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከአፌ ያመለጠኝ። የአጎታችን ሠርግ ቪዲዮ ላይ አለ፣ ከድንኳኑ ወጥቶ እስከ አጥሩ በር ሲሄድ አርባ ሰከንድ ያህል ይታያል አልኳትና ላክሁላችሁ። ኖላዊት በስልኳ አሳየቻት፤ እማዬም «ይኼ ጭጋግ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ካሴቱ ያረጀ፣ ምስሉም የተበላ ነው። «ጠብቂኝ፣ አጠራልሻለሁ» አልኳት። ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ አፌ የገባሁት ቃል ነው። ልቧ መድከሙን ሐኪሙ ነግሮን ስለነበር ብዙ ጊዜ እንደሌለን እኔም አንቺም እናውቅ ነበር።

እንዲህ ያለ የደበዘዘ ፊልም የሚያጠራ ፕሮግራም አለ። እያንዳንዷን ምስል ያነሳና የተበላውን ራሱ እየገመተ ይሞላዋል። ሥራው ከባድ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው ደግሞ ግራፊክስ ካርድ በሚባለው የኮምፒውተሩ ክፍል ላይ ነው። የእኔ ካርድ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጌም ሲጫወትበት ከኖረ ሰው ላይ ከነኮምፒውተሩ የገዛሁት። እንደ አሮጌ በሬ ነው፤ ያርሳል፣ ግን ቶሎ ይደክመዋል። ለዚያች አርባ ሰከንድ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ መሥራት ነበረበት። እሱ ግን አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ግሎ ግሎ ድርግም ይላል። ሳስነሳው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለባለሙያ መስጠት እችል ነበር። የአባቴን አካሄድ በእጄ ነው የማወጣው ብዬ ድርቅ አልኩ።

ዋይት ሴንተር ሰፈር ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ዮዳሄ የሚባል የአገራችን ሰው አለ። ከፍቶ አየውና «ጋሼ፣ ካርዱ ኦልድ ነው እንጂ አልሞተም። የደከሙት የኬዙ ፋኖች ናቸው፤ ሶ ኢናፍ ኤር አያገኝም። እነሱን ቼንጅ ብታደርጋቸው ኦኬ ይሆናል» አለኝ። እኔ ፋን ሁሉ ፋን ይመስለኝ ነበር። የኮምፒውተሩ ሳጥን ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ማራገቢያ አለው። የፊቶቹ ቀዝቃዛውን አየር ይስባሉ፣ የኋላው የጋለውን ያስወጣል። እኛ ሸኖ ውስጥ ነፋስ በበር ገብቶ በጓሮ ከወጣ በሽታ ነው እየተባልን መስኮት ስንደፍን ነው ያደግነው። ለዚህ ዕቃ ግን ጤናው እሱ ኖሯል።

መጀመሪያ የገዛኋቸው ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለባቸው ነበሩ፤ ሲዞሩ ወፍጮ ቤት ናቸው። አብሮኝ የሚኖረውን ኪዳነ ወልድን ታውቂዋለሽ፤ ማታ ማታ ኤርፖርት ታክሲ ስለሚነዳ የሚተኛው ቀን ነው። ጨዋ ስለሆነ ምንም አላለኝም፤ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ተኝቶ ሳየው ግን አፈርኩና መለስኳቸው። ቀጥሎ ትልልቆቹ ቀስ እያሉ ዞረው ብዙ አየር ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁና ባለ አሥራ አራት ሳንቲሞቹን አመጣሁ። የእኔ ሳጥን ከባለ አሥራ ሁለት በላይ አይቀበልም። ስንዝሬን አምኜ ሳልለካ ነበር የገዛሁት። እነሱንም መልሼ በአሮጌዎቹ ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲያ ጥንቃቄ አበዛሁ። እንግዳ አውርጄ የምነዳትን የሆቴሉን ሻትል መኪና ደጅ ፓርክ ባደረግሁ ቁጥር ስልኬን አውጥቼ ስለ ማራገቢያ የተጻፈ ሳነብ እውላለሁ። ሜዳ ላይ ብዙ የሚነፍሰውና በጥቅጥቅ ወንፊት ውስጥ ገፍቶ የሚያስገባው አንድ እንዳልሆኑ፣ ለእኔ ሳጥን የሚስማማውም ሁለተኛው እንደሆነ ያወቅሁት እንደዚያ ነው። ድምፅ የሌለውን፣ የሚገፋውን፣ ልኩን መርጬ ሳበቃ ዕቃው አልቋል ተባልኩና ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አንቺም «ምነው አንዱን ገዝተህ ብትገላገል» ስትይኝ «የእማዬ ነገር እንዲሁ በግብር ይውጣ ይሠራል እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

አሁን ወደ ደበቅሁሽ ልምጣ። በጥቅምት ላይ፣ ኮምፒውተሬን አቧራ እየገደለው ነው ብዬ ለእማዬ ነግሬያት ነበር። ቁመቱንና ወርዱን በስንዝር አስለካችኝ። ለሬዲዮውና ለቴሌቪዥኑ እንደሠራችው ያለ ነጭ ዳንቴል ሠርታ፣ ዙሪያውን በሰማያዊ ክር ጠርዛ፣ በኅዳር በሰው ላከችልኝ። በዚያ ዓይኗ፣ በዚያ ጣቷ። አለበስኩትና በቪዲዮ አሳየኋት፤ «አሁን የሰው ቤት ዕቃ መሰለ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በደወልኩ ቁጥር «እስቲ አሳየኝ፣ ለብሷል?» ትለኝ ጀመር።

ዳንቴሉ የፊት ወንፊቱን እስከ ታች፣ የኋላውን እስከ ግማሽ ድረስ ይሸፍነው ነበር። አዲስ ማራገቢያ አስገባለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ይግላል፣ ይጠፋል፤ ጥፋቱን ማራገቢያው ላይ አላክካለሁ። ዮዳሄ ዘንድ ስወስደው ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር የምሄደው። እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አሠርቶት ምንም አልሆነም። «ጋሼ፣ ቤት ሂተር አጠገብ ነው እንዴ የምታስቀምጠው? ብሎክ የሚያደርገው ነገር የለም?» ሲለኝ «ኧረ ምንም የለም» አልኩት። ስዋሽ አልነበረም። የእማዬ ዳንቴል አየር የሚዘጋ ነገር ነው ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም።

ከጥምቀት በኋላ ግን ዋሸሁ። አንድ ቅዳሜ ጫፉን ገለጥ አድርጌ እጄን ስሰድ፣ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ገባኝ። እትዬ፣ ምሎ መካድ አያስፈልገኝም፤ በደንብ ገብቶኛል። ግን በማግስቱ እሑድ ነበር፤ «ለብሷል?» ትለኛለች። ያንቺ ሥራ ነው የሚያፍነው ብዬ በምን አፌ እነግራታለሁ? ለጥሪው ብቻ አልብሼው ሌላ ጊዜ ባወልቀውስ ኖሮ? ይህች ቀላል ነገር ዛሬ ወለል ብላ ትታየኛለች፤ ያን ቀን ግን እናቴን ማታለል መሰለችኝ። መልሼ አለበስኩት። አዲሶቹ ማራገቢያዎች ሲመጡ ይቋቋሙታል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ለእሷም ለአንቺም «ፋኑ ነው» ማለቴን ቀጠልኩ። ያን ቅዳሜ አውልቄው ቢሆን ኖሮ እሑድ ፊልሙ እጃችሁ ይገባ ነበር። እማዬ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖራለች።

የካቲት ሁለት ስደውል ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም አልሽኝ። በሳምንቱ ተኝታለች አልሽኝ። በመካከሉ ቅዳሜ ዕለት ማራገቢያዎቹ ደረሱ። ኪዳነ ወልድ እንቅልፉን ትቶ ባትሪ ያዘልኝ፤ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። መብራቱ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግረኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ እንባው ይወርዳል። ምን ሆንክ ስለው «አለርጂ ነው፣ አቧራው» አለኝ። ሳጥኑን እኮ ያን ዕለት ጠዋት ነበር የጠረግሁት። አመንኩት። በማግስቱ ለአንቺ ደወልኩና «ፋኖቹ መጥተዋል፣ በዚህ ሳምንት አባዬን ታየዋለሽ በያት፤ ንገሪያት» አልኩሽ። እሺ አልሽኝ። እኔ ግን ዳንቴሉን መልሼ ስላለበስኩት አዲሶቹም አላዳኑት፤ አሁንም ይጠፋል። ረቡዕ ደግሜ ደውዬ ምን አለች ስልሽ «ደስ አላት» አልሽኝ።

እትዬ፣ ያን ረቡዕ ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነበር።

የቅበላ እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ አፀደን፣ የዕድራችንን ሰብሳቢ፣ ጥቁር ለብሳ ከቄሱና ከአምስት ሰዎች ጋር ሳያት ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር በዚያ ሰዓት የእኛ ሰው በር የሚያንኳኳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ዞር ስል ኪዳነ ወልድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ከኋላዬ ቆሟል። «መቼ?» አልኩ። ወይዘሮ አፀደ «ጥር ሃያ ስምንት፣ ልጄ» አለችኝ። ይቅር በይኝ፤ መጀመሪያ ለእማዬ አላለቀስኩም። በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ቀን ሆነ። ከዚያ «ደስ አላት» ያልሽው ትዝ አለኝና በንዴት አለቀስኩ። ለእሷ ያለቀስኩት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ቀለል ሲል ነው።

ብቻውን ነው፣ መሪ የሚይዝ ሰው ነው፣ መንገድ ላይ ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ወጋችን ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አምና የኪዳነ ወልድ ወንድም ሲሞት ዘጠኝ ቀን የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ሽሮ እየሠራሁለት፣ እየቀለድኩለት፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ባለፈው ሳምንት ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ብዬ ጠየቅሁት። «ዘጠኙን ቀን እስከ ዛሬ እፈልጋቸዋለሁ» አለኝ። እኔም አሥራ ስምንቱን እፈልጋቸዋለሁ። እሷ አፈር ለብሳ እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፋኑ ቶሎ ይደርስላታል ስል የዋልኩባቸው ቀኖች ናቸው።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ከሌክ ሲቲ ድረስ ሳይቀር ሰው መጣ። ወይዘሮ አፀደ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ቤቱን ስታሰናዳ የእማዬን ፎቶ ግድግዳ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ልታቆም ፈለገችና ከሥሩ የሚነጠፍ አጣች። ዞር ዞር ብላ ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈችው። አጥፋ አነጠፈችው፤ ፎቶዋን አቆመችበት። እኔ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነበር፤ ልቤ ግን እዚያ ስላልነበረ አላስተዋልኩም።

ለአርባዋ ፎቶዋን ትልቅ አድርጌ ላሳትም ብዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ፎቶውን ከጨረስኩ በኋላ እጄ ለምዶ ያን ፕሮግራም አስነሳው። ይጠፋል ብዬ ትቼው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ አሥራ አንዱን ሰዓት ሠርቶ፣ ጨርሶ፣ ቁጭ ብሏል። እጄን ሳጥኑ ላይ ባደርግ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። የማራገቢያዎቹ ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ምርጫዬስ ደህና ነበር። ቀና ስል ዳንቴሉ ከፎቶዋ ሥር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ኪዳነ ወልድ ከእንቅልፉ ተነስቶ እስኪያነሳኝ ድረስ አልተነሳሁም።

ፍላሿ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አባዬ ከድንኳኑ ይወጣል። ጋቢውን በግራ እጁ ጭብጥ አድርጎ ይዟል፤ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ጣል ያደርጋል። ይፈጥናል፤ ደግሞ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር የረሳ ይመስል ቀስ ይላል፤ እንደገና ይፈጥናል። እኔ በልቤ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሰው አድርጌ ነበር የያዝኩት። ታዲያ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ዮዳሄ እንደነገረኝ ፕሮግራሙ የጎደለውን የሚሞላው በግምት ነው። ይህ አካሄድ የአባዬ ይሁን የማሽኑ ግምት ይሁን እኔ አላውቅም። «አዎ፣ እሱ ነው» ወይም «ኧረ አይደለም» ብላ የምትፈርደው እሷ ነበረች፤ ሌላ ዳኛ የለንም። አንቺ አባዬ ሲያርፍ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ከእኔ ትሻያለሽ። ኖላዊት ትልቅ ስክሪን ላይ ታድርግልሽና እይው። ተቀምጠሽ እይው። ከዚያ የታየሽን ጻፊልኝ፤ ደስ ይበለው ብለሽ ግን እሱ ነው እንዳትይኝ።

እትዬ፣ አሁንም ቂሜ አልወጣልኝም፤ ብዋሽሽ ታውቂብኛለሽ። ጥፋቴንም አልረሳሁትም። ሁለቱም አንድ ላይ አሉ፤ አንዱ አንዱን አላስወጣውም። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። የመጨረሻ ቀኗን ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ፤ ምን እንደበላች፣ በየትኛው ጎኗ እንደተኛች፣ አጠገቧ ማን እንደነበረ። ፊልሙን ጠይቃ እንደሆነም ጻፊው፤ ጠይቃ ከሆነ አትሸሽጊኝ። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር ቢመጣ ራስሽ ደውለሽ ንገሪኝ። መሪ ይዤም ብሆን መኪናዬን ዳር አስይዤ ካንቺ አፍ እሰማለሁ። ሽማግሌ አትላኪብኝ።

ደብዳቤ ስጽፍ ሰላምታውን የምጀምረው በእማዬ ነበር፤ አሁን በማን እንደምጀምር ግራ ገባኝ። በወንዳፍራሽ ልጀምር። ቀብሩን እንደ ልጅ ሆኖ በእኔ ቦታ ቆሟልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጉልበቱን ሳሚልኝ። ኖላዊትን ግራ ቀኝ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስልኩን አንስታ «አያቴ ተኝታለች» ስትለኝ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ አልተቀየምኳትም በያት። ጎረቤቶቻችንን እጅ ንሺልኝ፤ አፈር ያለበሷትን ሁሉ አመስግኚልኝ።

ፊልሙን አይተሽ ስታበቂ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና መቃብሯ አጠገብ ቁጭ በይ። ፊልሙ አልቋል በያት። መዘግየቱን ግን ደብቂልኝ፤ መደበቅ መቼም ታውቂበታለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
መሳፍንት

ሲታክ፣ ሲያትል አጠገብ
መጋቢት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.